የፕሮስቴት ዕጢ መተለቅ ያለባቸው አረጋውያን የጤና ፍላጎት፦ ከመልካሳ ሲታይ

መልካሳ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአዳማ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት። በምርምር ዓለም ስሟ የሚነሣው እ.ኤ.አ. በ1969 በተቋቋመው የግብርና ምርምር ማዕከል ነው፤ ከማዕከሉ የወጡ የቦሎቄና የበቆሎ ዝርያዎች በብዙ ቆላማ ወረዳዎች ተዘርተዋል። ማዕከሉ ሲቋቋም በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበሩት የእርሻ ሠራተኞች፣ ሾፌሮችና ቴክኒሻኖች ዛሬ ሰባ አምስት ዓመትን አልፈዋል። በአቅራቢያው ባለው የወንጂ ሸዋ የሸንኮራ እርሻ ጉልበታቸውን ያፈሰሱ እኩዮቻቸውም እንዲሁ። በዚህ ዕድሜ ካሉት ወንዶች ብዙዎቹን በየሌሊቱ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ አንድ ችግር አለ። ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተነሥተው በጨለማ ወደ ጓሮ ይወጣሉ፤ ብዙ ቆመው ጥቂት ይሸናሉ፤ ተመልሰው ሳያሸልቡ ዳግመኛ ይነሣሉ። ለቤተሰቡ «ብርድ መታኝ» ይላሉ። ለሐኪም ግን አይናገሩም።

የፕሮስቴት ዕጢ መተለቅ ከገዳይ ሕመሞች ተራ አይመደብም። የጤና ዕቅዶች ቅድሚያ የሚሰጡት በአብዛኛው የሞትን ቁጥር ተከትለው በመሆኑ፣ እንቅልፍን፣ ክብርንና ማኅበራዊ ኑሮን የሚነጥቅ ነገር ግን ቶሎ የማይገድል ሕመም በሠንጠረዡ ላይ ቦታ አያገኝም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አንድ ነው። የእነዚህ አረጋውያን የመጀመሪያ ፍላጎት በትልቅ ከተማ የሚገኝ የቀዶ ሕክምና አልጋ አይደለም፤ በሚኖሩበት ከተማ ጤና ጣቢያ የሚቀርብላቸው ጥያቄ፣ ሳይቋረጥ የሚገኝ መድኃኒትና በወቅቱ የሚለወጥ ቱቦ ነው። እነዚህ ሦስቱ ከጎደሉ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ዘግይቶ የሚመጣ፣ ውድና አደገኛ መፍትሔ ይሆናል።

ሕመሙና ዕድሜ

የፕሮስቴት ዕጢ ከፊኛ በታች የሽንት ቧንቧን ከብቦ የሚገኝ፣ በጎልማሳ ወንድ 20 ግራም ያህል የሚመዝን አካል ነው። ዕድሜ ሲገፋ በወንዴ ሆርሞኖች ተጽዕኖ የውስጠኛው ክፍሉ ቀስ በቀስ ይተልቃል፤ አንዳንድ ጊዜ ከ100 ግራም በላይ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ፣ በአስከሬን ምርመራ ላይ የተመሠረተ ታዋቂ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ51 እስከ 60 ዓመት ካሉ ወንዶች ግማሽ ያህሉ፣ ከ80 ዓመት በላይ ካሉት ደግሞ 90 በመቶ ያህሉ በአጉሊ መነጽር የሚታይ የዕጢ መተለቅ አለባቸው። ይህ ማለት ሁሉም ይታመማሉ ማለት አይደለም። የዕጢው መጠንና የስቃዩ መጠንም ሁልጊዜ አይመጣጠኑም፤ ትንሽ ዕጢ ብዙ ሊያስቸግር፣ ትልቅ ዕጢ ደግሞ ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ የአረጋዊውን ፍላጎት የሚለካው የአልትራሳውንዱ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ከራሳቸው አንደበት የሚወጣው ቃል ነው።

በዓለም አቀፉ የበሽታ ጫና ጥናት ስሌት መሠረት ይህ ሕመም ያለባቸው ወንዶች እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበሩበት 51 ሚሊዮን ያህል በ2019 ወደ 94 ሚሊዮን ደርሰዋል። ለጭማሪው ዋናው ምክንያት የሕዝብ ቁጥር ማደግና የዕድሜ መርዘም ነው። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1990 ሃምሳ ዓመት ያልሞላው አማካይ የሕይወት ዘመን በ2019 ከ65 ዓመት አልፏል። ለእርጅና የሚበቃው ሰው እየበዛ መሄዱ የጤና ሥርዓቱ ድል ነው። ይሁንና ሥርዓቱ ለእርጅና ያበቃውን ሰው በእርጅናው ዘመን የሚቀበልበት ደጃፍ አሁንም ጠባብ ነው።

ደጃፉ ለማን ተሠራ?

እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የአገሪቱ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት የጀርባ አጥንት ነው። ከ30 ሺህ በላይ የሆኑት የፕሮግራሙ ሠራተኞች በአብዛኛው ከሚያገለግሉበት አካባቢ የተመለመሉ ሴቶች ናቸው። ምርጫው ትክክል ነበር፤ ዋናው ዒላማ የእናቶችና የሕፃናት ጤና ስለነበር እናት ለሴት ገመናዋን ትነግራለች ተብሎ ታሰበ፤ ውጤቱም ታየ። ነገር ግን ያው አመክንዮ ሲገለበጥ አረጋዊውን ከደጃፉ ያስቀራቸዋል። የሰባ ዓመት ሽማግሌ የልጅ ልጃቸው እኩያ ለሆነች፣ ምናልባትም በስም ለሚያውቋት የሰፈር ልጅ «ሽንቴ ይንጠባጠባል» ብለው እንዲናገሩ መጠበቅ የባህሉን ክብደት አለማወቅ ነው። እርሷም ብትሆን «አባቴ፣ ሽንትዎ እንዴት ነው?» ብላ እንድትጠይቅ አልሠለጠነችም፤ በመመዝገቢያዋም ላይ ለዚህ የተከፈተ ዓምድ የለም።

ዝምታው ከሐፍረት ብቻ የሚመነጭ አይደለም። ብዙዎች ችግሩን የእርጅና ዕጣ አድርገው ያዩታል፤ ሕክምና ያለው ነገር መሆኑን አያውቁም። ሌሎች ደግሞ ካንሰር ነው ብለው ስለሚፈሩ ላለመስማት ይሸሻሉ። የፕሮስቴት ዕጢ መተለቅ ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ሊገኙ ስለሚችሉ ግን መመርመሩ አይቀሬ ነው። በሦስተኛ ደረጃ ቀዶ ሕክምና የወንድነት ማብቂያ ነው የሚል ስጋት አለ። ይህ ስጋት በከፊል መልስ አለው። የተለመዱት ቀዶ ሕክምናዎች በአብዛኛው የብልት መቆምን አያጠፉም፤ የዘር ፈሳሽ ወደ ውጭ ከመውጣት ይልቅ ወደ ፊኛ መመለሱ ግን የተለመደ ነው። ይህን ከቀዶ ሕክምናው በፊት በግልጽ የሚነግራቸው ሰው ያላገኙ አረጋዊ ከመታከም ይልቅ መታገሥን ቢመርጡ አይፈረድባቸውም።

የዝምታው ዋጋ የሚከፈለው በማኅበራዊ ኑሮ ነው። ሽንት የሚያጣድፋቸው አረጋዊ ረጅሙን ቅዳሴ ቆመው ማስቀደስ ይከብዳቸዋል። ሽንት የሚንጠባጠብባቸው ሙስሊም አረጋዊ ውዱኣቸው ፈረሰ ብለው ስለሚጨነቁ ከጀማዓው ይርቃሉ። በሽምግልና ላይ ሰዓታት የሚወስድ ነገር ሲሰማ መሀል ላይ ደጋግሞ መነሣት ያሳፍራል፤ ስለዚህ ሽማግሌው ቀስ በቀስ ከዕርቅ ወንበር ይቀራሉ። በአውቶቡስ አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ፣ ለቅሶ ቤት መዋል፣ የዕድር ስብሰባ መቀመጥ ሁሉ የሚታሰብበት ጉዳይ ይሆናል። ይህን ለማምለጥ ብዙዎች ውሃ መጠጣት ይቀንሳሉ፤ በመልካሳና በአዳማ ሙቀት ውሃ መቀነስ ደግሞ ለድርቀት፣ ለሽንት መስመር ኢንፌክሽንና ለጠጠር ያጋልጣል።

በስምጥ ሸለቆ የሽንት ችግር ሁሉ የፕሮስቴት አይደለም

በዚህ አካባቢ የሚሠራ ባለሙያ ከሌላው አገር መመሪያ ቀጥታ የማይገለብጣቸው ጉዳዮች አሉ። የመጀመሪያው ፍሎራይድ ነው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በብዙ ቦታ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም መጠን በላይ ፍሎራይድ ይይዛል። በወንጂ ሸዋ የሸንኮራ እርሻ ሰፈሮች ለዓመታት የጉድጓድ ውሃ የጠጡ ሠራተኞች ላይ የደረሰው የአጥንት ፍሎሮሲስ በሰፊው የተጠና ነው። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ሥራ ይህ ሕመም ሕብለ ሰረሰርንና የነርቭ ሥሮችን በመጫን የሚያስከትለውን ጉዳት አመልክቷል። ሕብለ ሰረሰር ሲጫን ደግሞ የፊኛ ሥራም ሊታወክ ይችላል። ስለዚህ አንገታቸውና ወገባቸው የደረቀ፣ እግራቸው የደከመ የቀድሞ የእርሻ ሠራተኛ ሽንት ሲያስቸግራቸው፣ ዕጢውን ብቻ አይቶ ወደ ቀዶ ሕክምና መላክ ስሕተት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያሉትን አረጋዊ ሲራመዱ ማየት ከምርመራው አንዱ ክፍል ነው።

ሁለተኛው ጫት ነው። በየመን በ11 ጤነኛ ወንዶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ ጥናት ጫት መቃም የሽንትን የፍሰት ፍጥነት እንደሚቀንስና ይህም አልፋ አንድ የተባሉትን ተቀባዮች በሚያግድ መድኃኒት እንደሚገታ አሳይቷል። የፕሮስቴትን ጡንቻ ለማላላት የሚሰጡት መድኃኒቶች የሚሠሩት በእነዚሁ ተቀባዮች ላይ ነው። ከዚህ በመነሣት፣ ጠዋት መድኃኒቱን ውጠው ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቅሙ አረጋዊ በአንድ እጃቸው የከፈቱትን በር በሌላው እየዘጉ ሊሆን ይችላል። አዳማንና አካባቢዋን በሚያቋርጡት መንገዶች ዕድሜያቸውን በሾፌርነት ያሳለፉ ሰዎችን ጫት ይቅሙ እንደሆነ ሳይጠይቁ ማከም ሕክምናውን ግማሽ ያደርገዋል።

ሌሎችም አሉ። ሌሊት ደጋግሞ መሽናት የስኳር ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። ለደም ግፊት የሚሰጥ የሚያሸና ክኒን ማታ ከተወሰደ ሌሊቱን ያበላሻል፤ ጠዋት እንዲወሰድ ማድረግ ብቻውን እፎይታ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶች ደግሞ የታገሠውን ፊኛ በአንድ ሌሊት ሊዘጉት ይችላሉ። ወጣትነታቸውን በመካከለኛው አዋሽ እርሻዎች ያሳለፉ ሰዎች ሽንታቸው ደም ከቀላቀለ የፊኛ ቢልሃርዝያ መታሰብ ይኖርበታል። ከእነዚህ አብዛኞቹን ለመለየት የሚያስፈልገው ጥሩ ጥያቄ፣ የሽንትና የስኳር ምርመራ እንዲሁም የታካሚውን አካል ማየት ነው፤ ሁሉም በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚቻሉ ናቸው።

ከክኒን እስከ ቀዶ ሕክምና

ሕክምናው ደረጃ አለው። ምልክቱ ቀላል ለሆነ ሰው ማታ ፈሳሽ መቀነስ፣ ቡናና አልኮልን መመጠን፣ ሳይቸኩሉ መሽናትና በየጊዜው መታየት ይበቃል። ምልክቱ ሲጠነክር እንደ ታምሱሎሲን ያሉ ጡንቻን የሚያላሉ መድኃኒቶች በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይረዳሉ። ዕጢው ትልቅ ከሆነ የሚያሟሽሸው ፊናስተራይድ ይታከላል፤ እርሱ ግን ውጤቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። ከ3 ሺህ በላይ ወንዶች ተሳትፈውበት እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሁለቱ ዓይነት መድኃኒቶች በአንድነት ሲሰጡ የሕመሙን መባባስ በ66 በመቶ እንደቀነሱ አሳይቷል። ዋናው ቁም ነገር ግን «በአንድነት» ከሚለው ቃል ይልቅ «ሳይቋረጥ» የሚለው ነው። መድኃኒቱን ለአንድ ወር ገዝተው፣ ተሻለኝ ብለው ወይም ገንዘብ አጥተው የሚያቆሙ ታካሚ ከጥናቱ ጥቅም አይደርሳቸውም። መድኃኒቱ ደም ግፊትን ዝቅ ሊያደርግና ከመኝታ ሲነሡ ሊያዞር እንደሚችል ያልተነገራቸው ደግሞ በሌሊቱ ጉዞ ወድቀው አጥንታቸውን ሊሰብሩ ይችላሉ።

ሕክምና ያላገኘ ሰው አንድ ሌሊት ሽንቱ ጨርሶ ይዘጋል። ጤናማ ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል፤ የተዘጋው ፊኛ ከዚያ አልፎ ሲወጠር የሚሰማው ስቃይ ማንኛውንም ሐፍረት ያስረሳል። አረጋዊው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጤና ተቋም የሚመጡት ብዙ ጊዜ በዚህ ሌሊት ነው። ቱቦ ሲገባላቸው እፎይ ይላሉ፤ ወረፋው ግን ያኔ ይጀምራል። በሽንት መስመር ቀዶ ሕክምና የሠለጠኑ ሐኪሞች በአብዛኛው በአዲስ አበባና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች የሚገኙ በመሆናቸው፣ ተራ እስኪደርስ ቱቦውን ይዞ ለወራት መቆየት የተለመደ ነው።

ቱቦ ያለው ሰው ፍላጎት ብዙ ጊዜ የሚረሳው ክፍል ነው። የተለመደው የላቴክስ ቱቦ በአራት ሳምንት ገደማ መለወጥ አለበት፤ ካልተለወጠ ይደፈናል፣ ይመረቅዛል፣ ኢንፌክሽኑም ወደ ኩላሊትና ወደ ደም ሊዘልቅ ይችላል። ከረጢቱ ከፊኛ በታች መሆን አለበት፤ ብልትና አካባቢው በየቀኑ በውሃና በሳሙና መታጠብ አለበት። ይህን የሚያስተምር ሰው፣ ቱቦውንም የሚለውጥ ነርስ በመልካሳ ካልተገኘ አረጋዊው አዳማ መሄድ አለባቸው፤ በሚኒባስ ተጨናንቀው፣ ከረጢቱን በጋቢ ሸፍነው። ርቀቱ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ነው፤ ለእሳቸው ግን ርቀቱ የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰው ዓይን ነው።

ቀዶ ሕክምናው በሁለት መንገድ ይሠራል። በሽንት ቧንቧ በኩል መሣሪያ አስገብቶ ዕጢውን መቦርቦር ቁስልና የአልጋ ቆይታ ይቀንሳል፤ መሣሪያና ልዩ ሥልጠና ግን ይጠይቃል። ሆድን ከፍቶ ዕጢውን ማውጣት ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀምሮ የታወቀ ስልት ሲሆን፣ በብዙ የአገሪቱ ሆስፒታሎች አሁንም የሚሠራበት ነው፤ በተለይ ዘግይቶ ለመጣና እጅግ ለተለቀ ዕጢ ተገቢ ነው። የዘገየ ታካሚ ግን ብዙ ጊዜ ደሙ ያነሰ፣ ኩላሊቱ የደከመ፣ ፊኛው ተወጥሮ ጉልበቱን ያጣ ነው። ዕጢው በተሳካ ቀዶ ሕክምና ከወጣለት በኋላ እንኳ እንደ ቀድሞው መሽናት ሊያቅተው ይችላል።

«አይገድልም» የሚለው ክርክር

የጤና በጀት ውሱን ነው፤ እናቶች በወሊድ፣ ሕፃናት በሳንባ ምች በሚሞቱበት አገር ለሽማግሌ ሽንት ቅድሚያ መስጠት ቅንጦት ነው የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ግን ሁለት ነገሮችን ይዘነጋል። አንደኛ፣ ሕመሙ በቀጥታ ባይገድልም የተዘጋ ሽንት ኩላሊትን ይገድላል። ኩላሊቱ የወደቀ አረጋዊ የሚያስፈልጋቸው የኩላሊት እጥበት ለዓመታት ከሚወሰድ ክኒን ጋር በዋጋ የሚወዳደር አይደለም። ሁለተኛ፣ የሚጠየቀው ነገር ከእናቶችና ከሕፃናት ድርሻ የሚቀነስ አዲስ ፕሮግራም አይደለም፤ በነበረው ደጃፍ ላይ የሚጨመር ጥያቄ ነው። ለደም ግፊትና ለስኳር ክትትል ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጡ አረጋውያን አሉ፤ ግፊታቸው ሲለካ ያው ባለሙያ «ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሣሉ?» ብሎ ለመጠየቅ የሚወስድበት ጊዜ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም።

እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም ከዚህ ጋር ይያያዛል። መድኑ አባሉን በመጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ይመራል፤ ወደ ሆስፒታል የሚያልፈውም በጤና ጣቢያው ሪፈር ነው። ሥርዓቱ አረጋዊውን በጤና ጣቢያው በር እንዲያልፉ የሚያስገድድ ከሆነ፣ በሩ ላይ የሚጠብቃቸው ባለሙያ ችግራቸውን የሚያውቅ፣ መደርደሪያውም መድኃኒታቸው ያለበት መሆን አለበት። መድኃኒቱ «የለም» ተብሎ ከግል መድኃኒት ቤት በኪስ ገንዘብ የሚገዛ ከሆነ መድኑ ለእሳቸው በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ምን ይደረግ?

ከላይ ከተባለው አራት ተግባራዊ ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶች በማንኛውም ምክንያት ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጡ ስለ ሽንታቸው ይጠየቁ፤ ቢቻል መልሱን የሚሰማው ወንድ ባለሙያ ይሁን፤ ክፍሉም በር የሚዘጋ ይሁን። ሁለተኛ፣ ቢያንስ አንድ ጡንቻን የሚያላላ መድኃኒት በጤና ጣቢያ ሳይቋረጥ ይገኝ፤ እንደ ደም ግፊት መድኃኒት በክትትል ካርድ ይሰጥ። ሦስተኛ፣ በጤና ጣቢያው በሳምንት አንድ ቀን የቱቦ ክትትል ቀን ይኑር፤ ቱቦ መለወጥ፣ ቤተሰብን ማስተማር፣ የቀዶ ሕክምና ወረፋን መከታተል በዚያ ቀን ይከናወን። አራተኛ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅም ሆነ ወደ አሰላ የሚጻፈው ሪፈር የምልክቱን ነጥብ፣ የኩላሊትና የሽንት ምርመራ ውጤትን፣ የሚወሰዱ መድኃኒቶችን ይያዝ፤ አረጋዊው ሁለት ጊዜ እንዳይመላለሱ። መልእክቱን ለማድረስ ደግሞ ዕድር፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ከፖስተር ይልቅ ይቀርባሉ፤ አንድ የዳኑ ሽማግሌ በዕድር ስብሰባ ላይ የሚናገሩት ቃል ከብዙ በራሪ ወረቀት ይበልጣል።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም የቀረ ሥራ አለ። በሆስፒታል መዝገብ ላይ የተመሠረተ ጥናት የሚያየው ሆስፒታል የደረሰውን ነው፤ በዝምታ ከዕርቅ ወንበር የቀሩት ሽማግሌ በመዝገቡ ውስጥ አይገኙም። የሚያስፈልገው በቤትና በሰፈር ደረጃ የሚሠራ ጥናት ነው። መለኪያውም መታሰብ አለበት። በዓለም የሚሠራበት የፕሮስቴት ምልክት መመዘኛ ሰባት ጥያቄዎች ያሉት፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 የሚሰጥበት፣ በድምሩ ከ35 የሚታሰብ ነው፤ ከ8 በታች ቀላል፣ ከ20 ጀምሮ ከባድ ይባላል። መመዘኛው የተዘጋጀው ማንበብ ለሚችል ታካሚ ነው። ፊደል ላልቆጠሩ አረጋውያን በደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የቀረበው በሥዕል የሚመለስ መመዘኛ የተሻለ መነሻ ይሆናል። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቃሉን መርጦ፣ አረጋውያኑ ራሳቸው የሚጠቀሙበትን አነጋገር ሰብስቦ፣ ሥዕሉንም በዚህ አገር ዓይን ፈትሾ ማዘጋጀት ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ፣ ጥቅሙም ከመመረቂያው በላይ የሚዘልቅ ሥራ ነው። በፍሎራይድ በተጠቁ ሰፈሮች የሽንት ችግር ምን ያህሉ ከዕጢው፣ ምን ያህሉ ከሕብለ ሰረሰር እንደሚመነጭ መለየትም ከስምጥ ሸለቆ ተመራማሪዎች የሚጠበቅ ጥያቄ ነው።

የመልካሳ የግብርና ተመራማሪዎች ለዝናብ አጠር አካባቢ ቶሎ የሚደርሱ ዝርያዎችን የፈለጉት ድርቁ ሳይቀድም ምርቱ እንዲገባ ነው። ለአረጋውያኑም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ ሽንቱ ሳይዘጋ፣ ኩላሊቱ ሳይወድቅ፣ ሽማግሌው ከሰው መሀል ሳይርቁ መድረስ። ለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ፣ ጠያቂው ሳያፍር፣ ተጠያቂውም ሳይሸማቀቁ ሌሊታቸው እንዴት እንደሚነጋ መጠየቅ ነው።